ዛር መስሏቸው

ወይዘሮ ውብዳር በሩን ሳያንኳኩ ገፍተው ገቡ። የልጅ ልጃቸው ሮተም ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቶቿን አጥፋ፣ ከጭኗ ጀምሮ ትንቀጠቀጣለች። ኢሪት የምትባለው ፈረንጅ አካሚዋ ከራስጌዋ ተቀምጣ ታያታለች።

የፈሩት አልቀረም። ከቂርያት ማላኪ ገዴራ ድረስ በአውቶቡስ ተከትለዋት የመጡት ይህንኑ ጠርጥረው ነው። እስራኤል ሳይመጡ፣ ጎንደር ሳሉ የገዛ እናታቸውን ዛር ሲያስጓራት አይተዋል፤ የሚጀምራትም ከጭኗ ነበር። ያቭነ ከተማ ላለችው ለሮተም እናት ቢነግሯት፣ ዛሬ እኮ ጭንቀትን በመንቀጥቀጥ ለማስወጣት ሁሉም የሚሄድበት ሕክምና ነው ብላ ሳቀችባቸው።

ሮተም ቤኤር ቱቪያ፣ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበረች። ዕቃ ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ፣ ሠራተኛ ቢቀር የምትሸከመው እሷ። አንድ ጠዋት የመኪናዋን መሪ እንደጨበጠች መውረድ አቃታት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላት። ሐኪሙ ሰውነትሽ አልቋል፣ ዕረፊ አላት። ማረፍ ማለት ታዲያ የማያውቁት ሰው ፊት መንፈራገጥ ነው?

"ተነሺ፣ እንሂድ" አሉ፤ በሩን ለመውጣት እንዲመቻቸው እንደተከፈተ ትተውታል።

"ሳቭታ፣ ደህና ነኝ። ሰውነቴ የያዘውን እየለቀቀ ነው" አለች ሮተም፤ አያቷን የምትጠራቸው በዕብራይስጡ ነው።

"ማን አስያዘው? ይቺ ናት?"

ሮተም ሳቀች። ሳቋን ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው፤ እሱንም ጠረጠሩት።

"ቁም ብትይው ይቆማል?"

"እዪው።" እግሯን ዘረጋች፤ መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ። መልሳ አጠፈችው፤ ቀስ ብሎ ጀመረ።

የእናታቸው ዛር ተለምኖም አይቆምም ነበር። ሽቶ አምጡ፣ ጥቁር በግ አምጡ ሳይል ማንንም ለቆ አያውቅም።

"ምን አምጪ አለሽ?"

"ማን? ምንም አላለኝም። ስጨርስ እንቅልፌ ይመጣል፣ እሱ ነው።"

"ትተኚያለሽ?"

"ትናንት እስኪነጋ ተኛሁ። አንቺ እኮ መጥተሽ አልብሰሽኛል።"

አልብሰዋታል፤ እውነት ነው። ትንፋሿን ሲያዳምጡም ቆመው ቆይተዋል።

ኢሪት ወንበር አቀረበችላቸው። ወይዘሮ ውብዳር ተቀብለው ከሷ ራቅ፣ ከሮተም ጠጋ አድርገው አስቀመጡት። ከኮሪደሩ የሚገባው ነፋስ የልጅቷን ባዶ እግር እንደሚመታት ያዩት ያኔ ነው። ተመልሰው ሄደው በሩን ዘጉት።

"ያላ፣ በይ ቀጥዪ" አሉና ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ግን ከትከሻቸው አላወረዱም።