ከፋዩ መጋረጃ

ቆራጩ በሙያው አይታማም። ጨርቅ ዘርግቶ መቀሱን ሲያነሳ እጁ አያመነታም። ችግሩ አፉ ነው። ስፌት የተበላሸበት ልብስ ካየ ከሰፊዋ እጅ መንጭቆ በሰው ሁሉ ፊት ከፍ ያደርግና፣ በእጅ ነው የተሰፋው በእግር ብሎ ይጠይቃል። መቀስ አውሰኝ ላለው እንኳ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ሰሞን የሚስቁለት ነበሩ። ተራው ለሁሉም ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቱ ናት። አባታቸው ያቆሙትን ቤት ብቻዋን ተሸክማ ስትፍጨረጨር ኖራለች። ሴቶቹ ስለ ወንድሟ ቢያማርሩላት፣ "አፉ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው" ትላቸዋለች። እነሱ ደግሞ ልቡን አይተውት አያውቁም። ሥራ ጭራሽ በጠፋበት ሰሞን የአዲሱን ቲያትር ቤት መጋረጃ እንድትሰፋ ታዘዘች፤ ከባድ፣ ደማቅ ቀይ ከፋይ። ወንድሟን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ ይህ ሥራ ካማረ ቤቱ እንደሚተርፍ፣ ካላማረ ግን በሩን እንደምትዘጋ ነገረችው። እሱን ለኔ ተይው አላት። ተወችለት፤ ምን ታድርግ።

ከፋይ ፀጉር አለው። የሁሉም ቁራጭ ፀጉር ወደ አንድ ወገን ካልተኛ፣ አንዱ ጠቆር አንዱ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህን ቆራጩ ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ የመጋረጃውን ገበር ሲቆርጥ ስለሰነበተ እጁ በለመደው ሄደ። ጨርቁን ወዲያና ወዲህ እያጣጠፈ ዘረጋና እጥፋቱ ላይ ቆረጠው። ከየሁለቱ ቁራጭ አንዱ ተገልብጦ ወጣ።

በር አጠገብ የምትሰፋው ሴት መዳፏን ብታሳልፍበት አንዱ ለሰለሰ፣ አንዱ ሻከረ። ቁራጮቹ ገና አልተጋጠሙም፣ የመስቀያ ቀለበት ቀዳዳም አልተበሳባቸውም። አዙሮ መስፋት ብቻ ይበቃ ነበር። ብድግ ብላ ሄደችና "ጋሼ፣ ይሄ ከፋይ..." ስትል አላስጨረሳትም።

"ምክር ስፈልግ እጠራሻለሁ። እስከዚያ መኪናሽን ርገጪ።"

ልጅ የዳረች ሴት ናት እኮ። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ጎረቤቷ ጨርቁን ዳበስ አድርጋ አየቻት፤ ቀጥላ ያለችውም ዳበሰች። ለእትዬ እንንገራት ያለች አንዲት ነበረች፤ እትዬ ከወንድሟ አስበልጣ ማንን ትሰማለች ብለው ተዉት። መኪናዎቹ እንደገና መንጫጫት ጀመሩ።

መጋረጃው የተሰቀለው ቲያትር ቤቱ በሚመረቅበት ዕለት ጠዋት ነው። መብራቱ ሲበራ ዳር እስከ ዳር ባለ መስመር ፒጃማ መሰለ። የቲያትር ቤቱ ኃላፊ አልተቆጣም። ይውረድ አለ፣ በቃ። የቀለበቱ ቀዳዳ ከላይ ተበስቶ ስላለቀ የተገለበጡትን ፈትቶ ማዞር አይታሰብም፤ ሌላ ከፋይ ለመግዛት ጊዜውም አቅሙም የለም። እህቱ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ቦርሳዋን ከፍታ የስፌት ቤቱን ቁልፍ መፈለግ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ቆራጩ በር አጠገብ ወዳለችው ሄደ።

"አይተሽ ነበር?"

"አይቻለሁ፣ ጋሼ። ሁላችንም አይተናል።"

"ታዲያ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይነግረኝም?"

"እስኪጠሩን ነው የጠበቅነው።"

ሽሙጥ የለበትም። ብትሰድበው ኖሮ መልስ አያጣም ነበር። አሁን ግን አፈረ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። እሱ ዘንድ ሲደርሱ እንደ ወትሮው "ደህና ይዋሉ" እያሉት አለፉ። ያን ሁሉ ዓመት አንዲቷም አንተ ብላው እንደማታውቅ ያኔ ገባው።

ያቺ ሴት የወጣችው መጨረሻ ነው። እሱ ያዋሳትን ትልቁን መቀስ ከመኪናዋ ሥር አነሳች፣ በቁራጭ ጨርቅ ወለወለችው፣ ስለቱን በራሷ መዳፍ ይዛ እጀታውን ወደ እሱ አዞረችለት። ተቀበላት። አመሰግናለሁ ሊላት ፈልጎ ነበር። ቃሉ እስኪመጣለት እሷ መንገዱን ተሻግራ ሄደች፤ እህቱም ቁልፉን ይዛ እስኪወጣላት ደጅ ቆማ ነበር።