የቆስጣው ጉልበት

ሱክዴይ ምራቷን መጠርጠር ከጀመረች ወር አልፏታል። ካጅሪ የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ደሟ ግን በተለካ ቁጥር ያው ዝቅ እንዳለ ነው። ነርሷም «በዚህ ደም ምጥ ከመጣባት ትሞትባችኋለች» ብላ ቁርጡን ተናግራለች። ታዲያ ያ ሁሉ ቆስጣ የት ገባ? ደም ይሆናታል ተብሎ በየቀኑ ከገዛ ማሳቸው፣ ከህንዷ ባናራስ ከተማ ጥግ እየተቀጠፈ ይሠራላታል።

በነሱ ቤት ምራት የምትበላው ሁሉም በልቶ ሲነሳ፣ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ነው። ሱክዴይ ‹ጓሮ ለታሰረችው የወተት ጎሽ እየሰጠችው ነው› አለች በልቧ። አንድ ቀን ወጉን ጥሳ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች።

«ብይ። እያየሁሽ ነው።»

ካጅሪ በአማት ፊት እንደሚደረገው የልብሷን ጫፍ እስከ ዓይኗ ስባ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላች። ሱክዴይ ሦስት ሳምንት እንዲህ ጠበቀቻት፤ ደሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

አሁን ጥርጣሬዋ ወደ ትሪፓቲ ዞረ። ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ማሳቸው ዳር የላስቲክ አጥር ያቆመ ሰው ነው። አጥሩ ውስጥ ያለው ቆስጣ ወዙ ያምራል፤ ውጭ ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል።

«አንተ ሰውዬ፣ እርጉዝ ምራቴ ቆስጣ በልታ በልታ ደም አልሞላ አላት፤ የኛን ቆስጣ ጉልበት ወደራስህ ትስበዋለህ አይደል?»

«ኧረ እማማ፣ እኔ አየሩን ነው የማጣራው። የመኪናውና የጡብ መተኮሻው ጭስ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቅጠሉ ከሱ ጋር ሲታገል አቅሙ ያልቃል። ለክተነዋል፤ ደም የሚሆነው ብረት ውጭ ባለው ላይ አንሷል።»

«የማይታይ ሌባ ደግሞ አመጣህብኝ።»

«ነርሷ የምትሰጠውን የብረት ክኒን ትዋጥ።»

«ክኒን ልጅ ያጠቁራል።»

«ይጥቆር ወይስ እናቱን ይጣ፣ እማማ?»

ሱክዴይ ተናደደች። ግን ከማሳው ቀጥታ ወደ ነርሷ ሄደች። በእራት ሰዓት ክኒኑን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረችው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የቆስጣው ነው አሉ። ይቺን ዋጪ።»

ካጅሪ አልነካችውም። የልብሷን ጫፍ ገልጣ አማቷን አየቻት።

«እኔ ደግሞ እርስዎን ነበር የጠረጠርኩት። በበላሁ ቁጥር ስደክም፣ ወጡ ውስጥ የሆነ ነገር የሚጨምሩብኝ መስሎኝ።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

«እያዩኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

ሱክዴይ አፈረች። አማት ከምራት ሳህን አትበላም። እሷ ግን ክኒኑን ለሁለት ሰበረች፣ ከካጅሪ ሳህን ጉርሻ ጠቀለለችና ግማሹን ክኒን አብራ ዋጠች።

ካጅሪ የአማቷን ጉሮሮ እያየች ጠበቀች። ከዚያ የቀረውን ግማሽ አነሳች።