ሰርቨሩና የአባባ እጆች

ወንድምና እህቶቹ “ጡሩምባ” ለሚሉት ታላቅ ወንድም ሴት ልጅ ተወለደችለት። ስም የሚያወጡላት አያቷ አባባ ናቸው ተባለና፣ በአራት ከተማ የተበተነው ቤተሰብ እሁድ በቪዲዮ ሊገናኝ ተቀጣጠረ። የምታገናኛቸው የኔትወርክ ባለሙያዋ፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት።

ቀድሞ እያንዳንዱ ስልክ ምስሉን ለሌሎቹ ሁሉ በየፊናው ይልክ ነበር። አባባ መስማት የተሳናቸው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያ አሮጌ ስልካቸው ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ይግልና ቀጥ ይላል። ስለዚህ ልጅት መሃል ላይ ሰርቨር አስቀመጠች። ሁሉም ምስሉን አንዴ ብቻ ወደ እሱ ይልካል፣ እሱ ያከፋፍላል። መስመሩ እንዳይጨናነቅም ድምፅ ያሰማውን ሰው በትልቁና በጥራት፣ የቀረውን በትንሹ እንዲያሳልፍ አዘዘችው። ኩራት ኩራት ብሏታል።

እሁድ ሰርቨሩ የታዘዘውን አደረገ። ጡሩምባ ሲስቅ ጡሩምባ፣ ሕፃኗ ስታለቅስ ሕፃኗ ስክሪኑን ሞላች።

“አባባ ዝም አሉ እኮ!” አለ ጡሩምባ። “ስም ጠፋባቸው መሰለኝ።”

ልጅት ጥግ ላይ ያለችውን የአባቷን ምስል አተኩራ አየች። ቴምብር ታክላለች። እጃቸው እዚህ ይታይና እዚያ ይገኛል፤ መሃሉ ተቆርጦ ቀርቷል። ክው አለች። አፏን ሳትፈታ በእጅ ማውራት ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሷ ግን ሰው ሁሉ እንደሚሠራው ብላ ወሬን በድምፅ ለካችው። ከልቧ አፈረች።

“ዝም ማለት ያለብህስ አንተ ነህ!” አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የድምፁን ትእዛዝ ሰርዛ፣ የአባባን ምስል በልጆቹ ሁሉ ስልክ ላይ በትልቁ አስቀመጠችው።

እነዚያ መርፌ የለመዱ ረጃጅም ጣቶች ጥርት ብለው ወጡ። አባባ በሌባ ጣታቸው የአገጫቸውን ስርጉድ ነካ አደረጉ። ሕፃኗም ይህንኑ ስርጉድ ይዛ ነው የተወለደችው። በእጅ የሚጠራ ስም አውጥተውላት ኖሯል።

ከዚያ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

“ደጋግሜ ነገርኳችሁ እኮ” አሉ በእጃቸው። “አልወደዳችሁትም እንዴ?”

ጡሩምባ ሕፃኗን ወደ ካሜራው አስጠግቶ፣ ስሟን በእጁ ጠራ። ትንሿ እህቱም እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የራሷን አገጭ ነካች።