የሶፋ ቤቱ ሁለት ደቂቃ

ካሜራው ፊት ቆሜ አንድ ጊዜ ጧ አድርጌ አጨበጨብኩ። የአክስቴ ባል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ኧረ ምኑን ሠራሁና!» አለ።

«ጋሼ፣ ገና አልጀመርንም» አልኩት።

«ታዲያ ምን አይተሽ ነው ያጨበጨብሽው?»

ምስሉን የሚይዘው ካሜራው እንደሆነ፣ ድምፁን የሚቀዳው ደግሞ ኮሌታው ላይ የሰካሁለት ትንሽ ማይክ እንደሆነ፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን የማገጣጥማቸው በጭብጨባው ድምፅ እንደሆነ አስረዳሁት። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ሳቀች።

«ከተጋባን ጀምሮ ዛሬ ገና አንድ ሰው አጨበጨበለት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ እሱም ለማይኩ ሆነ!»

ሳቋ ቶሎ አለቀ። ከሶፋ ቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ከተከፈተ ወዲህ አሮጌ ሶፋ ሊያሳድስ ይዞ የሚመጣ ሰው እያነሰ ሄዷል። በዚህ መሃል አንድ ሆቴል የምግብ አዳራሹን ወንበሮች በሙሉ ሊያሳድስ አሰበ። የግዢ ኃላፊው ሥራ በዝቶበት ሱቅ ለሱቅ መዞር ስላልቻለ፣ የጋሼን ጨምሮ ሦስት ሶፋ ቤቶች አሠራራቸውን በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እንዲያሳዩት ጠየቀ። ጋሼ ይህ ሥራ ካልተገኘ ሱቁን አስረክቦ ማዶ ያለው መደብር ተቀጥሮ እንደሚገባ ለአክስቴ ነገራት። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁት።

ያደግሁት እነሱ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ ለትንንሽ ድርጅቶች አጫጭር ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ለመድኃኒት ቤት፣ ለልብስ ንጽሕና መስጫ፣ ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ። ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ካሜራ ጀርባ መቆሙን የወደድኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ ግን ሳይጠይቀኝ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ወለሉ ታጥቧል፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፣ የተበጣጠሱት የደንበኞች ወንበሮች ሁሉ ጓዳ ገብተዋል። ሱቁ የተዘጋ ባንክ መስሏል። እሱም መሃል ላይ ቆሞ ከወረቀት ማንበብ ጀመረ።

«ድርጅታችን ጥራትን መለያው፣ ደንበኛን ንጉሡ በማድረግ…»

ሦስቴ ቀረጽኩት። በየጊዜው አንገቱ እየደረቀ ሄደ።

«ይሄ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ፍርድ ቤት ያቆማችሁት?» አሉ ዋናው።

ዋናው የምንላቸው ጋሼን ሙያውን ያስተማሩትን ሽማግሌ ነው። ሥራ ከተዉ ቆይተዋል፤ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጋሼም የሚቀመጡበትን አስተካክሎ ነው ሥራ የሚጀምረው።

እንደ ምንም ብዬ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ይሄን የሚያየው አንድ ሰው ነው። ንጉሥ መሆን አይፈልግም። ወንበሩ እንግዳ ይዞ እንዳይወድቅበት ነው የሚፈልገው።»

«እና ምን ልበለው?»

«ምንም አትበለው። ሥራህን ሥራ።»

ኮቱን አወለቀ። ነጩን ጨርቅ አነሳን፤ ጠረጴዛውን ብርሃን ከጎን እንዲያገኘው ወደ በሩ አስጠጋን። ቬንቲሌተሩንና ሬዲዮኑን አጠፋሁ፤ የደበዘዘ ምስል የሚታገስ ሰው እንኳ የሚንጫጫ ድምፅ አይታገስም። ጋሼ ከጓዳ አንድ የደንበኛ ወንበር አምጥቶ ገለበጠው። ፊቱን ትቼ እጆቹን አቅርቤ ያዝኩ፤ ካሜራውንም ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ። ጉጠቱ ሚስማር ሲነቅል ይጮኻል። ጥቂት ቆይቶ ማይኩንም እኔንም ረሳ።

የታችኛውን ጨርቅ ገፈፈና ክው አለ።

«አይ! አይ አይ አይ! የመኪና ጎማ ላስቲክ! የጎማ ላስቲክ ቆራርጦ ዘርግቶበታል! ምን ዓይነት ሰው ነው? በእጁ ነው በእግሩ የሠራው? ሊቀመጡበት ነው ሊነዱት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዋናው ከበሩ አጠገብ።

«ምኑን?»

«ያ በእጁ ይሁን በእግሩ ያልታወቀው ሰውዬ። ስትገለብጣት እግሯን አይቼ ነው ያወቅኋት። የኔ ሥራ ናት።»

አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ዞረች። ጋሼ ጉጠቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ ካሜራውን አላጠፋሁም።

ዋናው ግድግዳውን ይዘው ተነሱና መጡ። «ያኔ ከመቀመጫው ሥር የሚወጠረው ማሰሪያ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ያገኘሁት ላስቲክ ነው። ና፣ እጅህን አስገባና ግፋው።»

ጋሼ ገፋው።

«ላልቷል?»

«አልላላም።»

«ጨምር እንጂ! ስትሳደብ ጉልበት ነበረህ።»

አክስቴ ሳቋን በጨርቅ ሸፈነች። ጋሼ በሁለት እጁ ገፋው፤ ላስቲኩ መልሶ ገፋው። «እሺ፣ አልላላም» አለ፤ «ግን ሚስማሩን ጠርዝ ላይ ደርድረውት እንጨቱ ተሰንጥቋል። ይሄንንስ?»

ዋናው መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «እሱስ እውነትህን ነው። ወደ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ።»

«እንጨቱን እቀይራለሁ። ላስቲኩን ግን አልነካውም፤ ደንበኛዋ በከንቱ የአዲስ አትከፍልም።»

ሁለቱ ራሶች ወንበሩ ላይ እንደተደፉ ቀረጻውን ጨረስኩ።

ወዲያው ጋሼ ወደ ጎን ወሰደኝ። «አደራሽን፣ ያንን አጥፊው። ያስተማሩኝን ሰው ስሰድብ ነው የሚያዩኝ። ሆቴሉስ ምን ይላል? ጠበኞች ናቸው አይልም?»

ሁለት ቪዲዮ ሠራሁ። አንዱ ወረቀቱን ሲያነብ፣ ሙዚቃ ያለው፣ የሱቁ ስም በትልቁ የተጻፈበት። ሌላው ሰላምታም ሳይኖረው «ሊቀመጡበት ነው ሊነዱት?» ብሎ የሚጀምር፤ መጀመሪያው ካልያዘው ሰውየው ወደ ሌላ ያልፋልና። ድምፅ ዘግቶ ለሚያይም ንግግሩን ከሥር ጻፍኩበት፤ መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ አስቀመጥኩ። ኃላፊው በስልኩ ማየቱ ስለማይቀር ለሦስቱም በስልኬ አሳየኋቸው።

የመጀመሪያው ሲታይ ዋናው መንገዱን ያዩ ነበር። ሁለተኛውን ጋሼ እስከ መጨረሻው አየና፣ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት።

«የመጀመሪያው ክብር አለው» አለ በመጨረሻ።

ስልኬን አወረድኩ። «የመጀመሪያው ውስጥ ግን የተከፈተ ወንበር የለም፣ ጋሼ። አንተ ወንበር መክፈት ታውቅ አታውቅ ሰውየው በምን ያያል?»

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ስናገር ሰምታኝ አታውቅም። ጋሼ ወደ ዋናው ዞረ።

«እርስዎ ይወስኑ። የተሰደቡት እርስዎ ነዎት።»

«ይሄም ስድብ ሆኖ?» አሉ ዋናው። «እኔ አንተን ስንት ነገር እያልኩ ነው ያስተማርኩህ! ይላክ። ብቻ ፀጉሬን አበጥሬ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ጋሼ «ላኪው» ብሎኝ ወደ ውጭ ወጣ። ላክሁት።

ለቀናት ከሆቴሉ መልስ አልመጣም። ጋሼ ያችን ወንበር ጨርሶ ለደንበኛዋ አስረከበ፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አክስቴ የስፌት መኪናዋን ታቆም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የሆቴሉ ፒክአፕ በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ አራት ወንበሮች አወረደ፤ ኃላፊው «እነዚህን ከፍታችሁ ምን እንደሚቀየርና ምን እንደማይነካ ቀርጻችሁ ላኩልኝ፣ የቀሩትን ከዚያ በኋላ እልካለሁ» ማለቱንም ነገረን። ጋሼ አንደኛውን ወንበር ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ መክፈት ጀመረ።