የአባቴ አውራ ጣት

የአባቴ ልብስ ስፌት ቤትና የጋሽ ቢላዋ ሉካንዳ አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ሥጋ ሻጩን ጋሽ ቢላዋ ያልነው፣ ሲያወራ እንኳ ቢላውን ከእጁ ስለማያስቀምጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም ቀደም ብለው ይዘጉና ከሉካንዳው ጓሮ ኩላሊትና ጉበት ጠብሰው፣ ቢራ ከፍተው ይቀመጣሉ። እኔም ከአባቴ አጠገብ ኩርምት ብዬ ከሳህኑ የሚደርሰኝን እጠብቃለሁ። ዛሬም የተጠበሰ ኩላሊት ሲሸተኝ የሁለቱ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

አንድ እሁድ ማለዳ አባቴ ከአልጋው መውረድ አቃተው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት አብጦ ቲማቲም መስሏል። አንሶላው ሲነካው እንኳ ጥርሱን ይነክሳል። እናቴ በሙቅ ውሃ ልትዘፈዝፈው ብትል በአጠገቡም እንዳታልፍ ለመናት። እሱ ጫማው ጠቦት እንደሆነ ሲናገር ጋሽ ቢላዋ ደግሞ ወለምታ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ጤና ጣቢያ ስንወስደው ሐኪሟ ግን ደሙን አስመርምራ ሪህ ነው አለችው። ዩሪክ አሲድ የሚባለው የሰውነት ቆሻሻ በደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ይጠጥራል። በዘርም ይመጣል፤ የሆድ ዕቃ ሥጋ፣ ቢራና ጣፋጭ ለስላሳ ደግሞ ያባብሱታል። ውሃ እንዲያበዛ፣ ራሱን ሳያስርብ ቀስ በቀስ ክብደት እንዲቀንስ፣ ሲነሳበት እግሩን ከፍ አድርጎ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እንዲይዝበት መከረችው። ምግብ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችልም መድኃኒቱን ሳያማክራት እንዳያቋርጥ አጥብቃ ነገረችው።

«መርፌስ የለመድኩት ነው» አለ አባቴ ቤት ስንገባ። «ለጎረቤቴ ምን ብዬ ልንገረው?»

አልነገረውም። ቅዳሜ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል እያለ ሰበብ ይደረድራል። ጋሽ ቢላዋ አኮረፈ፤ ሰላምታው ሳይቀር ቀዘቀዘ። እናቴ የሁለቱ ሽማግሌዎች ኩርፊያ ሲሰለቻት ሄዳ እውነቱን ዘረገፈችለት።

ወዲያው መጣ። ቢላውን ትቶ ባዶ እጁን ስለነበር መጀመሪያ አላወቅሁትም።

«የምትወደው እኔን ነው ወይስ ኩላሊቱን?» አለው።

«ኩላሊቱንማ እወደው ነበር» አለ አባቴ። «እሱ ነው የጠላኝ።»

ጣቱ ከዳነ በኋላ ቅዳሜያቸው የእግር ጉዞ ሆነ፤ ከሰፈሩ ጫፍ እስካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ድረስ። ውሃውን የሚሸከመው ጋሽ ቢላዋ ነበር። በየመንገዱ ጠርሙሱን እየሰጠው፣ በሬ እንኳ ይህን ያህል እንደማይጠጣ ያጉረመርማል። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ ሁለት ሰፋፊ ጀርባ አያለሁ። እንደዚያ ጊዜ ዓለም አስተማማኝ መስላኝ አታውቅም።

አንዴ አባቴ በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ «ዛሬን ብቻ» ብሎ ጠጣና ደግሞ አልጋ ላይ ዋለ። ጋሽ ቢላዋ በረዶውን እየያዘለት ወቀሳውን አላስቀረለትም። ከዚያ ወዲህ ተጠነቀቀ። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ጋሽ ቢላዋ ካረፈ በኋላ አባቴ ብቻውን መውጣት ከበደው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው የምሄደው እኔ ነኝ። ማጠራቀሚያው ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ አረፍ ይልና ስለ ጓደኛው ያወራልኛል። አብዛኛውን ሰምቼዋለሁ፤ ግን አላቋርጠውም።