የሻምበል ሽታ

በነሐሴ አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቴፒ ከተማ ውስጥ በወይዘሮ የሺመቤት ሳሎን ያለው የድመት ሽንት ሽታ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ወፈረ። ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ያወቁት መጋረጃ ለመግለጥ እጃቸውን ሲዘረጉ ነው። መጋረጃው ጋ ሳይደርሱ እርጥብ ጋቢ የመሰለ ነገር ጨበጡ። ሳብ ቢያደርጉት ሽታው ከሶፋው ሥር ተጎትቶ መጣ።

ልጃቸውን ሕሊናን ጠርተው አስነኳት። ሕሊና በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው።

"ሻምበል ነው" አለች።

ሻምበል አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው የኖረ ድመት ነው። ሰኔ ላይ ምንጣፉ ላይ ሸንቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ደረቅ አገር ቢሆን ምንጣፉ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ቴፒ ግን በክረምት ዝናቡ አባራ ሲሉ ወበቁ ይተካል፤ የታጠበ ካልሲ እንኳ በሳምንቱ አይደርቅም። ያልደረቀ ነገር ደግሞ ሽታውን አይለቅም። ወይዘሮ የሺመቤት በሎሚም በሳሙናም ሞክረው አቅቷቸዋል። እሑድ ደግሞ ሕሊናን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሕሊና ካገባች ጅማ ትገባለች። ወይዘሮ የሺመቤት ስለዚህ ጉዳይ ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ስለ ሽታው ግን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል።

ቅዳሜ እትዬ ወርቂት ተጠሩ። እትዬ ወርቂት ሆቴል ውስጥ ሃያ ዓመት አንሶላና ምንጣፍ ሲያጥቡ የኖሩ ጎረቤት ናቸው። ገና እንደገቡ ወይዘሮ የሺመቤት ሊያፈሱ የያዙትን በረኪና ከእጃቸው ነጠቁና፣ በረኪና ከድመት ሽንት ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጋዝ እንደሚያወጣ አስረዱ። እድፉን በደረቅ ጨርቅ እንዲጫኑት እንጂ እንዳይፈትጉት፣ ኮምጣጤና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው እንዲያርሱት፣ ከዚያም የምግብ ሶዳ ነስንሰው ቬንቲሌተር እንዲያዞሩበት አዘዙ። በመጨረሻ ሽታውን ጎተት አድርገው ጫፉን እንደ ጨርቅ ነጋዴ በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

"ይኼስ?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

"እሱማ ካልተጨመቀ አይወጣም" አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ጠዋት ምንጣፉ ጸድቶ ተገኘ። የቀረው ሽታው ነበር። እናት በአንዱ ጫፍ፣ ልጅ በሌላው ጫፍ ይዘው እንደ ብርድ ልብስ ጠመዘዙት። ግማሽ ባልዲ ውሃ ወጣው። ውሃው ሲወጣለት ሽታው ቀለለ። ሁለተኛ ሲጨምቁት ተረከዛቸው ከወለሉ ተነሣ። ሦስተኛ ሲጨምቁት ጭንቅላታቸው ኮርኒሱን ነካ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሕሊና ናት። ወይዘሮ የሺመቤት ሊቆጧት አፋቸውን ቢከፍቱ የወጣው ሳቅ ሆነ። እግራቸው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን አምፖል እንዳይመታ ሰብሰብ አድርገው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንዲህ ከሳቁ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከሩና ያ ራሱ አሳቃቸው።

በሩ ተንኳኳ። ሕሊና ጫፏን ለቅቃ ወረደችና ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሽ አሰግድ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሳሎኑን ቃኙ፣ ቀና አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ኮርኒሱ እጅ ነሡ።

ሕሊና እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። ጋሽ አሰግድ መልስ ሳያገኙ መቀመጥ ወግ እንዳልሆነ ተናገሩ። ወይዘሮ የሺመቤትም እንግዳ ቆሞ ሳለ ወርዶ መቀመጥ ነውር መሆኑን ከላይ ሆነው መለሱ። ነገሩ በዚህ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ አንገታቸው ሲዝል ወንበር ላይ ወጡ፤ ይህ ግን እንደ መቀመጥ እንዳይቆጠርባቸው አስታወቁ።

"ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን" አሉ ጋሽ አሰግድ።

ወይዘሮ የሺመቤት ቁልቁል ተመለከቱ። የሕሊና ፀጉር የተከፈለበትን መስመር ከላይ አይተውት አያውቁም ነበር። ሳሎኑም ከዚያ ሲታይ ሰፊ ነው፤ ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነው። ሽታውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"እማዬ፣ እጅሽን አልደከመሽም?" አለች ሕሊና።

"ደክሞኛል" አሉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው "ሰጥቻለሁ" አሉና እጃቸውን ፈቱ።

ቀስ ብለው ሶፋው ላይ አረፉ። ሽታው በሽማግሌዎቹ ራስ ላይ አልፎ በበሩ ወጣ። ሦስቱም እኩል ተቀመጡ። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ብቻ ሸተተ። ጋሽ አሰግድ ንጽሕናውን አመሰገኑ፣ ሕሊናም ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ሊዘጉ ተነሡ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ግቢው ሙሉ ውሃ ነው። በውሃው መሐል ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር ድረስ ደረቅ የድመት ዱካ ተሰልፏል። እያንዳንዱ ዱካ ትሪ ያህላል፤ ዝናቡም አያርፍበትም። አጥሩ በር ላይ አራቱ ዱካዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጣቶቻቸው ወደ ቤቱ ዞረዋል። ከእነሱ ፊት፣ ወደ ቤቱ አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ፣ አዲስ አምስተኛ ዱካ በውሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ይደርቅ ነበር።