ከገበያው ጀርባ ያለው ፎቅ

መንግሥት የቤት እጥረቱንና የኪራዩን ንረት የሚያስታግስ አዲስ ቢሮ ሲያቋቁም፣ ኃላፊ አድርጎ የሾመው ዕድሜዋን ግንባታ ላይ የፈጀች መሐንዲስ ነበር። ሠራተኞቿ ፊት ለፊቷ «እትዬ»፣ ዞር ስትል ደግሞ «እሜቴ ሲሚንቶ» ይሏታል፤ አንዴ ከደረቀች የሚያነቃንቃት የለም ለማለት ነው። እሷም ሰምታለች። «ጭቃ ከመባል ይሻላል» ብላ ትስቃለች።

ለቢሮው የተሰጠው የድሮ የጎማ መጋዘን ነው። ወንበሩ ከየመሥሪያ ቤቱ የተለቀመ ስለሆነ አንዱ ሲቀመጡበት ይጮኻል፣ ሌላው ወደ ጎን ያዘነብላል። በሩ ላይ ግን ከማለዳ ጀምሮ ሰው ይኮለኮላል፤ አከራይ ዕቃዋን ደጅ የጣለባት፣ ሚስቱን ይዞ እናቱ ጓዳ የተጠጋ፣ ሁሉም አለ።

ቢሮው መጀመሪያ ዓይኑን የጣለው ከገበያው ጀርባ በተገተረ ያላለቀ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ መሬቱ እስኪወደድለት ይጠብቃል እንጂ የመጨረስ ሐሳብ የለውም። አዲሱ ሕግ እንዲህ ያለውን ሕንፃ ቢሮው ተረክቦና ጨርሶ፣ አቅም በሚፈቅደው ኪራይ ለቤተሰቦች እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የቀረው ሕንፃው ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነበር፤ ጉዳት ከተገኘበት ግን ለባለቤቱ ይቀራል። ምርመራው ለሰኞ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ስልኳን የሰጠቻቸው የሕንፃው ሽማግሌ ዘበኛ ደወሉላት። «ልጄ፣ ሰዎች ገብተው ምሰሶውን እየናዱት ነው! ቶሎ ድረሽ…» ከዚያ ጩኸት ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ለፖሊስ ደወለችና እነሱን ሳትጠብቅ በረረች። ስትደርስ ሽማግሌው በሩ ሥር ተዘርረዋል። ክንዳቸው ከክርኑ በታች ታጥፎ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል።

«ማነው አባባ? ማነው እንዲህ ያደረገዎት?»

ዓይናቸውን አሸሹባት። «አትግቢ ልጄ። የናትሽ ልጅ ነው።»

ታናሽ ወንድሟ ነበር። ሕንፃ አፍራሽ ነው፤ «መዶሻው» ይሉታል። አባታቸው ሲሞት ያሳደገችው እሷ ናት፣ ስለ ምሰሶና ስለ ብረት ያስተማረችውም እሷው። የፎቁ ባለቤት ሕንፃው የቱ ጋ ቢመታ እንደሚሞት የሚያውቅ ሰው ፈልጎ፣ አላጣም።

ውስጡ በአቧራ ታፍኗል። ወንድሟ ከሁለት ጎረምሶች ጋር የመሐሉን ምሰሶ ልጦ ልጦ፣ ፌሮው እንደ ጎድን አጥንት አግጥጧል።

«አቁም!»

«እትዬ ውጪ። አንቺን አይመለከትም።»

«አባትህ የሚሆኑ ሰው ክንድ ሰብረህ አይመለከትም ትለኛለህ?»

«ስልኩን አልሰጥም ብለው ነው።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። የሚያበላኝ ሰውዬው ነው። አንቺማ ሥራ ስጪኝ ብልሽ ዘመድ አልቀጥርም ብለሽ መለስሽኝ።»

ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ ቆመች። «በል ምታ። መጀመሪያ እኔን።»

መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። ይህን ጊዜ አንደኛው ጎረምሳ ፀጉሯን ጨምድዶ መሬት ለመሬት ጎተታት። እጁን ነከሰችው፤ ደሙ አፏ ውስጥ እስኪሞቃት ድረስ አለቀቀችውም። በቡጢ ሲላት ጥርሷ ተሰበረ።

«አትምታት! አውጣት ብቻ!» ብሎ ወንድሟ ጮኸ። ጮኾም ወደ ምሰሶው ዞረና መታ።

ጣሪያው አቃሰተ። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ጎረምሳው ወደ ላይ ሲያይ አፈትልካ ከወለሉ ፌሮ አነሳችና፣ ወንድሟ መዶሻውን ዳግም ሳያሳርፍ ጉልበቱን በሙሉ ኃይሏ መታችው። ቀጭ ሲል ሰማች። የናቷ ልጅ እንደታረደ በሬ ወደቀ።

የነከሰችው ጎረምሳ ድጅኖ አንስቶ መጣባት። አልደረሰባትም፤ የጣሪያው ጠርዝ ተገምሶ ከወገቡ በታች ተጫነው። ጓደኛው እግሬ አውጪኝ አለ። እሷ ወንድሟን በብብቱ ይዛ፣ እየረገማት፣ ወደ በሩ ጎተተችው። ተመልሳም ኮንክሪቱን ከጎረምሳው ላይ ልትፈነቅል ታገለች፤ ጥፍሯ ተነቀለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ልጁ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ሲጮህ ቆየና ፖሊሶቹ ሲደርሱ ዝም አለ።

የሸሸው ጎረምሳ ተይዞ ሁሉንም ዘረገፈው፤ የፎቁ ባለቤትም ወንድሟም ታሰሩ። ምሰሶው በብረት ታቅፎ ተጠገነ፣ ፎቁም ተጨርሶ ሰው ገባበት። እናቷ ግን እስከ ዛሬ ቤቷ አታስገባትም። «አንካሳ አድርገሽ ሰጠሽኝ» ትላታለች በበሩ ስንጥቅ። ወንድሟን በየሳምንቱ እሥር ቤት ትጠይቀዋለች፤ አንዳንዴ ይወጣላታል፣ አንዳንዴ አሞኛል ብሎ ይልክባታል።

አንድ ቀን ቤት ከሚጠይቁት መሐል ጥቁር የለበሰች ሴት ገብታ ፊቷ ቆመች። የሟቹ እናት ነበረች።

«ቤት ልለምን ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ። «ግን መጀመሪያ ንገሪኝ። አብረሽው ነበርሽ አሉ። ልጄ ተሠቃየ?»

መሐንዲሷ ብድግ አለች። በሕይወቷ ሙሉ የተሰነጠቀን ግድግዳ ደህና ነው ብላ አታውቅም።

«የለም እታለም» አለች፣ «ወዲያው ነው ያረፈው።»

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እስኪወጣላት አለቀሰች። መሐንዲሷም አጠገቧ ተቀመጠች፤ ደጅ የቆመው ሰው ቢያጉረመርምም ቀጣዩን አልጠራችም።